ሁለት ጊዜ የሚሞቱ ሰዎች

የመምህር ስንሻውን ሞት ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ሁለተኛው እውነት። ሰው ሞኝ ነውና እንባዬን በሙሉ በውሸቱ ላይ ጨረስኩት። እውነቱ ሲመጣ ዓይኔ ደርቆ ቀረ።

በመጀመሪያው ጊዜ ኔትወርክ የለም፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ከጫግኒ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ "ያንን የታሪክ አስተማሪያችሁን በቃሬዛ ሲያወጡት አየሁ" አለ። ወሬው እንጅባራ መናኸሪያ ሲደርስ ቃሬዛው ሞት ሆነ። እኛ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደግሞ የተቀበረበት ሰዓት ሳይቀር ታወቀ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ መላ የጨመረ ግን አልነበረም። እኔም ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ ሰውየው ወባ አክስቶት፣ አንገቱ በሸሚዙ ውስጥ እየዋለለ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቶ ከፊቴ ቆመ። ደነገጥኩ ብል ያንሳል፤ ከነወንበሬ ነው ወደ ኋላ የሄድኩት።

"ማን ነገረህ?" አለኝ።

"ነጋዴው።"

"እሱስ ከማን ሰማ?"

"በቃሬዛ ሲያወጡህ አይቶ ነው።"

"እንግዲያው ያየው ቃሬዛ ነው፤ ሞት አላየም" አለና ሻይ አዘዘ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "ለማንኛውም አንደኛው ተመዝግቧል። በእኔ የዌልስ መነኮሳት ዘንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል። ሁለተኛውን ጠብቅ" አለኝ። ሳቅን። ያንን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ውርር ያደርገኛል።

ስንሻው በአሥር ዓመት ገደማ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ድንጋይና ወንዝ እንጂ ሌላ የማላምን ሰው ነኝ። እሱ ታሪክ ነበር የሚያስተምረው። በወጣትነቱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከእንግሊዝ ጎን ያለችው ዌልስ ሄዶ ተምሮ ተመልሷል። ሌላው ሰው ከውጭ ሲመጣ ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ እሱ የድሮ የዌልስ መነኮሳት የጻፉትን ዜና መዋዕል ኮፒ በሻንጣ ሞልቶ መጣ። ለምን ዌልስ ሲሉት፣ "ዝናብ፣ ጭጋግ፣ በግ፣ ተራራ፣ ጎረቤት የማይሰማው ቋንቋ። ከእንጅባራ የወጣሁ አልመሰለኝም" ይል ነበር።

እነዚያ መነኮሳት ለየዓመቱ አንድ ወይ ሁለት መስመር ነው የሚጽፉት። በዚህ ዓመት ከብት አለቀ። በዚህ ዓመት ብርቱ ነፋስ ነፈሰ። በዚህ ዓመት እገሌ የሚባለው መስፍን በወንድሙ እጅ ተገደለ። ምንም ያልተጻፈበት ዓመትም አለ፤ ዓመቱ ተመዝግቦ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። ስንሻው ያችን ባዶ ቦታ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይሠራትና በመዳፉ ሸፍኗት ይቆማል። "ባዶ ዓመትም ዓመት ነው" ይላል። "ገልባጩ ባዶውን ከዘለለው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ሰው ሳይሞት ይቀበራል።" አንዳንዴ ደግሞ የሁለት ገዳማት ጽሑፍ ወደ አንድ መጽሐፍ ይገለበጣል። አንዱ ገዳም መስፍኑ ዘንድሮ ሞተ ብሎ፣ ሌላው ቆይቶ ሞተ ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ገልባጩ ለሁለቱም አዝኖ ሁለቱንም ያስገባቸዋል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ይሞታል።

"በመካከሉ ባሉት ዓመታት የት ነበር?" ብሎ ልጆቹን ይጠይቃቸዋል። ከዚያ ራሱ፣ "ሰው መንፈስ ማየት የሚጀምረው እዚያች መካከል ላይ ነው" ይላቸዋል።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፣ "መምህር፣ ታዲያ ለሁለተኛው ሞቱም ተዝካር ይወጣል?" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ስንሻው አልሳቀም። "እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱኑ ነው" አለ። ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ፣ "ዌልስ በመጽሐፉ ውስጥ የለችም፤ ልጆቹን ፈተና ላይ ልትጥላቸው ነው" ብለው ቢቆጡት፣ "ዌልስን አይደለም የማስተምራቸው፤ ወሬ ማጣራት ነው" አላቸው። እሳቸውም ትከሻቸውን ሰብቀው ተውት። ስንሻው ሲከራከር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያይሃል። ከዚያ በኋላ የሚከራከረው ሰው የለም።

በክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ጭጋጉ ከከሰል ጭስ ጋር ተደባልቆ መስኮታችን ድረስ መጥቶ ነበር። እኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጠ ከሰል ያከስላልና ጭጋግና ጭሱ አይለይም። ስንሻው ከኮፒዎቹ አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ቋንቋውን አላውቀውም፤ የፊደሉን አጣጣል ግን ማየት እችላለሁ።

"እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው እጅ ነው" አለኝ። "ከዚህ በታች ግን ሌላ ነው።"

"የመጀመሪያው ምን ሆነ?"

"ሞተ።"

"የት ተጽፏል?"

"የትም። የሰዉን ሁሉ ሞት ሲጽፍ የኖረ ሰው የራሱን አይጽፍም። ከሱ ቀጥሎ የመጣውም አያነሳውም። እጁ ብቻ ይለወጣል።" ጣቱን እዚያች መጋጠሚያ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ያን ቀን በጭጋጉ ውስጥ ወደ ቤቴ ስሄድ ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ዞሬ ዞሬ አይቻለሁ። ድንጋይ የማምነው እኔ!

አሁን የአባቱን ነገር ልንገራችሁ። ስንሻው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ አባቱ አቶ አለኸኝ ከጫግኒ ወዲያ ወዳለው ቆላ ለአጨዳ ወርደው አልተመለሱም። ሞቱ የሚል መርዶ አልመጣ፣ አሉ የሚል መልእክት አልመጣ። የመጣው ሌላ ነገር ነው። አየኋቸው የሚል ሰው አይጠፋም። አንዴ አዘና ገበያ፣ አንዴ ጥሊሊ መንገድ ዳር፣ አንዴ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ። "ቦራ ፈረስ እየሳቡ፣ ጋቢያቸውን በግራ ትከሻቸው ጥለው። ሰላም ብላቸው አልመለሱልኝም" ይላል ያየው ሁሉ። ቦራ ማለት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነው።

የሚታዩት ደግሞ ሁልጊዜ በዘመነ ሉቃስ ነበር። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ ዘመኑ በየአራት ዓመቱ ይዞራል። ሉቃስ በገባ ቁጥር ሰፈርተኛው፣ "ዘንድሮስ አለኸኝን ማን ያያቸው ይሆን?" ይባባላል። ልጆች በዚያ ዓመት ጭጋግ ሲወርድ ብቻቸውን ውኃ አይቀዱም ነበር።

እናቱ እማማ የሻረግ በዚህ መሀል ኖሩ። ጥቁር አልለበሱ፣ ተዝካር አላወጡ፣ ሌላ ባል አላገቡ። በራቸውን አይቆልፉም። "መጥቶ ቢያንኳኳ ጆሮዬ ደክሟል፤ አልሰማውም" ይላሉ። እያረጁ ሲሄዱ ልባቸው ታመመ፣ ሐኪሙም አንገቱን ደፋ። አንድ ቀን እኔ እዚያው ተቀምጬ ልጃቸውን እንዲህ አሉት፦

"ስንሻው፣ አባትህን ወይ አምጣልኝ፣ ወይ ቅበርልኝ። በሬ ክፍት እንደሆነ መሞት አልፈልግም።"

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አየሁ ያለውን ሰው ሁሉ እየዞረ ይጠይቃል፤ እኔንም ይጎትተኛል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?" ሲል ሰዉ ይሽኮረመማል። በገዛ ዓይኔ አየሁ ያለው፣ ጥቂት ቆይቶ አጎቴ ነው ያየው ይላል። አጎትየው ደግሞ ከአማቹ የሰማ ነው። አማችየው ጥሊሊ ናቸው ተባልን፤ ጥሊሊ ሄድን። እሳቸውም ከአዘና ሰው ሰምተው ኖሯል። እንዲህ እንዲህ እያልን አዘና ላይ አቶ ውቤ የሚባሉ የድሮ ጨው ነጋዴ ጋ ደረስን። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አይቼዋለሁ" አሉ። "በገበያ ቀን፣ ቦራ ፈረስ እየሳበ ቁልቁል ወደ ቆላ ሲወርድ።"

"መቼ ነው አባባ?"

"በዘመነ ሉቃስ ነዋ።"

"የትኛው ሉቃስ?"

"ሉቃስ ሉቃስ ነው እንጂ ስንት ሉቃስ አለ?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቁጣቸው በረድ አለና፣ "እኔ የተዳርኩበት ዓመት ነው። ለሠርጌ ጨው ስገዛ ነው ያየሁት" አሉ።

ስንሻው አጠገባቸው ቁጭ አለ። አቶ ውቤ የተዳሩበት ዓመት አባቱ ከቤት የወጡበት ዓመት ነው። ሰውየው ያዩት ሲሄዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። "ሰላም ቢሏቸው ለምን አልመለሱም ይሆን?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሚስቱን እርጉዝ ትቶ የሚሄድ ሰው ምን አፍ አለው?" አሉኝ።

በሚኒባስ ስንመለስ ስንሻው እንዲህ አለኝ፦ "ሦስት ሰው በገዛ ዓይኑ ቢያይ ሦስት ዓይነት ያወራል። ሁሉም ቃል በቃል አንድ ዓይነት ካወራ አንዱ ካንዱ ገልብጧል። ሰዉ ዓመቱን ረስቶ ሉቃሱን ብቻ ያዘ። ሉቃስ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይገለብጠዋል። ፈረሱ እንኳ አላረጀም፤ ልብ አላልክም?" ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አባቱን ያገኛቸውም ያጣቸውም በአንድ ቀን ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሳይነጋ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ላይ ይቆማል። እማማ የሻረግ ዘንድ ማንኳኳት አላስፈለገም፤ በሩ ክፍት ነው። ለብሰው መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጭጋጉ ከእኛ ጋር አብሮ ገባ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "የሻረግ፣ አለኸኝ ሞቷል" አሉ።

እማማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አሉ። ከዚያ በኋላ የወጣቸውን ድምፅ አልነግራችሁም። የዚያን ያህል ዘመን የተከማቸ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ በአማርኛ ጀምረው በአገውኛ ነው የጨረሱት።

ለቅሶው በወግ ተደረገ። በእኛ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ያለ ጌታው በለቅሶኛው መካከል ይዞራል። አስከሬን ስላልነበረ ሁሉ ነገር ፈረሱ ላይ ነበር። ፈረሱን የሰጡን ጎረቤት ሌላው ፈረሳቸው አንክሶባቸው ያመጡት ቦራውን ነው። ሆን ብሎ ያመጣው ሰው የለም። ዘመኑም ሉቃስ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ ያነሳው ግን አልነበረም።

ፈረሱ እየዞረ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ጀርባ ባለው ቀርቀሃ በኩል መጡ። ማንንም አላዩም። ከሳቢው እጅ ልጓሙን ቀስ አድርገው ተቀበሉና እያለቀሱ አንድ ዙር ሳቡት። ልጓሙን መልሰው፣ ቀጥታ ወደ ስንሻው ሄደው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።

"ያኔ ያልተወለድከው አንተ ነህ?" አሉት።

መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። እህል አልቀመሱም። የአባቱ ዘመዶች የእናቱ ወገን ናቸው ብለው፣ የእናቱ ወገኖች ደግሞ የአባቱ ዘመድ ናቸው ብለው ነበር። በኋላ ስንጠያየቅ የሚያውቃቸው አንድ ሰው ጠፋ። አንዲት ሴት ብቻ፣ "ወደ ጫግኒ መንገድ ሲያቀኑ አይቻለሁ" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ የሻረግ በራቸውን እየቆለፉ መተኛት ጀመሩ። ሐኪሙ ያለው ሁሉ ቀርቶ ፊታቸው ወዛ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ልጃቸው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ክፍል ውስጥ ማስተማሩን አቋርጦ በሩን ያያል። የተከራያትን ክፍል በር መዝጋት ተወ። "ሌባ ይገባብሃል፣ ጋሼ" ስለው፣ "እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ቢያንኳኩ አልሰማም" አለኝ። የእናቱ ቃል በአፉ ሲወጣ ሰማሁ።

"ተወው እባክህ። እናትህ እኮ አርፈዋል" አልኩት።

"ይኼ ግልባጭ አይደለም" አለኝ። "በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ያ ሰውዬ አባቴን ያውቀዋል። ወይም..."

"ወይም ምን?"

ይህን ሲለኝ አንድ ዓይኑንም አልጨፈነም።

ወደ ጫግኒ መውረድ ጀመረ። በመጀመሪያው ጉዞው ወባ ይዞት ያ የውሸት ሞት መጣ። በሁለተኛው፣ በዘመነ ዮሐንስ ማብቂያ፣ ያረፈባት የአልጋ ቤት ባለቤት ጠዋት ላይ ሞቶ አገኘችው። ልቡ ነው አሉ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ተቀበረ።

እኔ ግን ከእሱ ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብዬ አልቀበልም። መንገዱ ሲከፈት ወረድኩ። ማን ነገራችሁ፣ እሱስ ከማን ሰማ እያልኩ የገነዙትን ቄስ አገኘኋቸው። ፊቱን አይተዋል፤ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። መቃብሩ ላይ ወሰዱኝ፣ አፈሩን በእጄ ነካሁት። የአልጋ ቤቷን ባለቤትም ጠየቅኋት። "ማታውን አንድ ሽማግሌ መጥተው በረንዳው ላይ ሲጫወቱ ነበር። ደስ ብሎት ነበር የገባው። ሽማግሌው ሲወጡ ግን አላየሁም" አለችኝ።

ልጠይቃት ሳልፈልግ አፌ ቀደመኝ፦ "ፈረስ ነበራቸው?"

"እዚህ ፈረስ ምን ይሠራል? ባጃጅ ሞልቶ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እማማ የሻረግን ለማጽናናት ስገባ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻቸውን ነበሩ። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልኩ። ያየሁትን መቃብር፣ የቄሱን ቃል ነገርኳቸው፤ የሽማግሌውን ነገር ዋጥኩት። ሲያዳምጡ ቆዩና እጄን ያዙኝ።

"የአለኸኝ ለቅሶ ላይ የመጣውን ሰውዬ አይቼዋለሁ" አሉኝ። "ልጄ ሲጠይቀኝ አላየሁም ያልኩት እንዳይፈልገው ብዬ ነው። ደግሞ አባቱ ነው አልልህም፤ አይደለምም አልልህም። እኔ አንዴ አልቅሼለታለሁ።"

እጄን አልለቀቁኝም።

"አንድ ነገር ማልልኝ" አሉ። "የሞተ ተጎዳ፤ እኔ አልቅሼ እቀመጣለሁ። ግን ነገ ተነገ ወዲያ ልጅሽን አየነው የሚል ይመጣል። ይኼን አገር አውቀዋለሁ። የሚል ከመጣ እኔ ዘንድ እንዳይደርስ። ለአባቱ ጉልበት ነበረኝ። ለልጄ መጠበቅ አልችልም። አፈር ስሆን።"

ማልኩላቸው።

ባለፈው ሰሞን ለትምህርት ቤት ጉዳይ ጥሊሊ ሄጄ፣ ሚኒባስ ስጠብቅ የድሮ ተማሪያችን አገኘኝ። አሁን ድንች ይነግዳል። ሰላም ከተባባልን በኋላ፣ "መምህር ስንሻው በጣም ሸበቱ፤ ጡረታ ወጡ እንዴ?" አለኝ።

"ማን ነገረህ?" አልኩት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

"ማን ይነግረኛል? ቅዳሜ ለት እዚሁ አገኘኋቸው። ዝናብ ነበረ፤ ጥላዬን ልስጥዎት ብላቸው፣ 'ተወው፣ ቅርብ ነኝ' ብለውኝ ሄዱ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ አሳዘኑኝ።"

ስለ ፈረስ ያለው የለም። ስለ ጋቢ ያለው የለም። ከማንም ያልተገለበጠ፣ የራሱ የልጁ ቃል ነው። መሞቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ሚኒባሱ መጣና ገባሁ። እስከ እንጅባራ ድረስ በመስኮቱ አላየሁም። እፈራ ነበር።

ወደ ቤቴ ሳልፍ እማማ የሻረግ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ከወዴት ነህ?" አሉኝ።

"ከጥሊሊ፣ እማማ።"

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ምን ሰማህ?"

"ምንም" አልኳቸው።

ፊቴን ብዙ አዩት። የነገርኳቸው ያህል እንደገባቸው አወቅሁ። ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ጎሽ፣ ልጄ" አሉኝና ወደ ምስራቸው አቀረቀሩ።